አሸንዳ የሌለው ግድግዳ

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለችው ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ጨው አትቅመሺ ያለሽ ሐኪም ዛሬም አለ ወይስ ከአንቺ ጋር መጨቃጨቁ ሰልችቶት ሌላ ሥራ ፈለገ? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ደህና ነው? እናንተ ዘንድ አሁን ሙቀቱ የሚጀምርበት ወቅት ነው፤ እኛ ደግሞ ምድጃ ሥር መኮራመት ጀምረናል። ዓለም ተገልብጣ የተሠራች ለመሆኗ ካንቺ ደብዳቤ በላይ ማስረጃ አላየሁም።

ዓይንሽ ስለደከመ ደብዳቤ የምታነብልሽ ምራትሽ ኖርማ መሆኗን ጽፈሽልኛል፤ ማለቴ አስጽፈሽልኛል። እንግዲያው ኖርማ፣ አንቺም እንደምን ነሽ? ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ እህቴ ጥድፊያ አትወድም። መሐል ላይ ዝም ካለችብሽም አብረሻት ዝም በይ እንጂ ምን ሆንሽ አትበያት።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ፖሙን ግን አመዳይ መታው። አሳማው ወፍሮ መራመድ አቅቶታል፤ ለቅዱስ ማርቲን በዓል ይታረዳል፤ ቋሊማውን ስሞላ አንቺን ማንሳቴ አይቀርም። ኤሊሴኦ ዛሬም የመንደሩ ሹም ነው፤ ሹመቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው ጠፍቶ። ወገቡን ያመዋል፣ ያማርራል፣ ይበላል። ባል ማለት ይኸው ነው።

ዋናው ወሬዬ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት፣ ቅዳሴ ላይ ሳለን፣ ከጣራው የድንጋይ ቅስት አንድ ድንጋይ ወርዶ አባ ሳቱርኒኖ ከሚቆሙበት አጠገብ ተከሰከሰ። እሳቸው ሰባት መንደር የሚዞሩ ሰው ናቸው፤ በቀላሉ አይደነግጡም። ስብከቱን አላቋረጡትም፤ ብቻ ከወትሮው በጣም አሳጠሩት። ኤሊሴኦ ወጥተን በር ላይ ስንደርስ «እንዲህ ከሆነስ በየሳምንቱ አንድ ድንጋይ ይውረድ» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። የሳቀው ግን ለአፉ ነው፤ ቤት ሲገባ ፊቱ ተለወጠ። ቅስቱ ከወደቀ መንደሩም አብሮ ማለቁን ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ወጣቱ ከተማ ገብቷል፤ የቀረን ነገር ቢኖር ይህ ድንጋይ ነው።

ኤሊሴኦ ደጅ ጠንቶ ጠንቶ አውራጃው መሐንዲስ ላከልን። ዶን ኢኒጎ ይባላል፤ ቀጭን፣ ጢማም፣ ሲናገር የሚያፍር ሰው። ቁልፉ እንደምታውቂው እኔ ዘንድ ነው፤ ከእናታችን የወረስኩት እሱንና ምላሴን ነው። በሩን ከፈትኩለት። ገባና እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ሰው የታመመ ፈረስ እንደሚዳስስ። «እመቤቴ፣ ይህ ቤት እኮ ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል» አለኝ። «ያስታውቃል፣ እሱንም ጉልበቱን ያመዋል» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስማማን።

በጋውን ሙሉ ሲለካ፣ ሲፍቅ፣ ሲሥል ከረመ፤ እኔም ቁልፉን ሰበብ አድርጌ ከሥሩ አልጠፋሁም። ብዙ ነገር ተማርኩ። የድንጋዩ ቅስት ከብዶ ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ እየገፋቸው ነው የሚኖረው፤ እነሱም ወፍራም የሆኑት ያንን ለመቋቋም ነው። ልጆች ሳለን መስኮቶቹ የጠበቡት ሰይጣን እንዳይሾልክ ነው ይሉን አልነበር? ለካ ግድግዳው እንዳይደክም ኖሯል። ኖራውን ሲፍቁት ደግሞ በየድንጋዩ ላይ የጠራቢዎቹ ምልክት ወጣ፤ አንዱ ቀስት፣ አንዱ መስቀል፣ አንዱ የዓሣ አጥንት የሚመስል። የጠረቡትን ቆጥረው ዋጋቸውን የሚቀበሉበት ነው አለን። የዓሣ አጥንቱ ሰውዬ ድንጋይ ሁሉ ጠማማ ነው። ኤሊሴኦ አንገቱን ነቅንቆ «ይሄ ከወንዙ ማዶ መንደር የመጣ ሰው ነው፤ እነሱ እስከ ዛሬ እንዲህ ናቸው» አለ።

ከሰሜኑ ጣራ ጠርዝ ሥር የተደረደሩት፣ ጣራውን የሚሸከሙት ምስል የተቀረጸባቸው ራስ ድንጋዮች መቼም አይረሱሽም። ቀበሮዋ፣ በርሜል ተሸካሚው፣ በገና የምትመታው ሴት፣ ምላሱን የሚያወጣው መነኩሴ፤ ሁሉም አሉ። ማእዘኑ ላይ ያለው የመጨረሻውም ሳይቀረጽ እንዳለ ነው። ጠራቢው ወይን ቢያልቅበት መዶሻውን ጥሎ ሄደ ይላሉ፤ ዶን ኢኒጎ ግን ምናልባት ሞቶ ይሆናል አለ። እኔ የወይኑን እመርጣለሁ።

እንግዲህ ችግሩ የመጣው ከዚሁ ከሰሜን በኩል ነው። ዶን ኢኒጎ ንድፉን ጨርሶ ሲያሳየን፣ ግድግዳው ውሃ እየጠጣ ነውና ከጣራው ጠርዝ አሸንዳ ይደረግለታል፣ ከሥሩም ዳር እስከ ዳር ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል አለ። ያለዚያ ቅስቱን መጠገን ዋጋ የለውም፤ አውራጃውም ያለዚያ ሥራውን አይፈቅድም። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ሴቶቹ ጫማ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ ቁልፉን ጨበጥኩ።

አንቺ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ለኖርማ ግን ልንገራት። ኖርማ፣ በእኛ አገር በድሮው ዘመን ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በተባረከው መቃብር አይቀበርም ነበር። እናት ግን ለልጇ ዘዴ አታጣም። ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ ልክ የጣራው ጠፈጠፍ የሚወርድበት መስመር ላይ ታሳርፈዋለች። በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለፈ ዝናብ የተባረከ ውሃ ነውና በዘነበ ቁጥር ልጁ ይጠመቃል። ለዚህ ነው በዚያ በኩል አሸንዳ ኖሮ የማያውቀው። መስቀል አይተከልም፣ ስም አይጻፍም። እናትየዋ ከላይ ያለውን ምስል ብቻ ምልክት ታደርጋለች። ሌሎቹ ሴቶች ሲነጋገሩ የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ እገሊት ቀበሮዋ ሥር አላት፣ እገሊት መነኩሴው ሥር አላት። ምን አላት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወንዶቹ አያውቁም እንላለን፤ እነሱም የማያውቁ ይመስላሉ።

ያን ሳምንት ያየሁትን አሳር አትጠይቂኝ። ዶን ኢኒጎን ብቻውን አግኝቼ «አሸንዳው ይቅርብን» አልኩት። «ለምን?» አለኝ። «ልማዳችን አይደለም» አልኩት። ሌሎቹም ሴቶች በየተራ እየሄዱ ይህንኑ አሉት። እሱ ምስኪን ቆርቆሮው አስጠልቶን መሰለው። መዳብ ላድርገው አለ። መዳቡንም እምቢ ስንል የድንጋዩን ቀለም እቀባዋለሁ አለ። በመጨረሻ ጨነቀውና ፍሮይላናን «እማማ፣ ወርቅ ቢሆንስ ይስማማችኋል?» ብሎ ቀለደባት። እሷም «ወርቁን ለጥርሴ አድርግልኝ» ብላው መሬቱን በዱላዋ እየኳኳች ሄደች። ፍሮይላና ያቺው ፍሮይላና ናት፤ አርጅታለች እንጂ አልበረደችም።

ለኤሊሴኦም ለመንገር ሞክሬ ነበር። «የሰሜኑ ግድግዳ…» ብዬ ስጀምር «አዎ! በመጨረሻ ሊደርቅ ነው» ብሎ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። ለዚህ ሥራ ስንት ደጅ እንደጠና አውቃለሁና አንጀቴን በላው። ደግሞስ ምን ብዬ ልቀጥል? አንዳንድ ነገር ሲናገሩት የራስን ብቻ አይደለም የሚናገሩት። እህቴ፣ ፈራሁ። አካፋው ያንን አፈር ሲገለብጠው ታየኝ። እናታችን በዘነበ ቀን ሻሿን ደርባ፣ ቁልፉን ይዛ፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ያፈስ እንደሆነ ልይ» ብላ ትወጣ ነበር። አንቺ በመርከብ ከሄድሽ ወዲህ ያመጣችው ልማድ ነው፤ እስክትሞት አልተወችውም። ቁልፉ ወደ እኔ ሲያልፍ ልማዱም አብሮ አለፈ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሸንጎ ተደወለ። እንደ ድሮው በቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው፣ የቤታችን ድምፅ ደግሞ ኤሊሴኦ ነው፤ ያውም ሰብሳቢው እሱ። ዶን ኢኒጎ ንድፉን ዘረጋ፣ አስረዳ፣ ስለ ቀለሙም ይቅርታ ጠየቀ። ኤሊሴኦ «እንግዲህ የተስማማ እጁን ያንሳ» ሲል ፍሮይላና በዱላዋ ተደግፋ ተነሳች። ባሏ የሞተባት ስለሆነች የቤቷ ድምፅ ራሷ ናት።

«እኔ ቀበሮዋ ሥር ሁለት አለኝ» አለች።

ይህ ቃል ወንድ ባለበት ተብሎ አያውቅም። ቀጥላ ባሲሊሳ «መነኩሴው ሥር አለኝ» አለች፤ ድምፅዋ አልተሰማም፤ ሁላችንም ግን ሰማን። ከዚያ ያልጠበቅነው መጣ። አናጢው ሲሪያኮ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቆቡን አውልቆ «እኛም በገና መቺዋ ሥር አለን» አለ። «አለን» ነው ያለው። ወንዶቹ ሁሉ አንድ በአንድ ቆባቸውን አወለቁ፤ ለካ ሁሉም ያውቃሉ።

ዶን ኢኒጎ ግራ ተጋብቶ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያይ አባ ሳቱርኒኖ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ነገሩት። የመሐንዲሱ ፊት አመድ መሰለ። ወርቅ ያለው ትዝ ብሎት ይሆናል። ፍሮይላናን ዓይን ዓይኗን እያየ «ይቅር በሉኝ» አለ፤ «አሸንዳው ቀረ። ቦዩም በእነዚህ ምስሎች ሥር አያልፍም።» ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ከዚያ እርሳሱን አወጣና «ግን ውሃው መውጫ ያስፈልገዋል። ማእዘኑ ላይ፣ ያልተቀረጸው ድንጋይ ሥር አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ብንቆፍርና ወደዚያ ብንስበውስ? እዚያ ማንም የለውም አይደል?» አለ።

ኤሊሴኦ ዙሪያውን ቃኘ። «እዚያ ያለው አለ?» አለ። የተናገረ የለም። ሴቶቹም እርስ በርስ ተያዩ፤ የማንም አልነበረማ። እናታችን ማእዘኑን የመረጠችውም ለዚሁ ነበር፤ ማንም እንዳያውቅ። «እንግዲህ ከሌለ» አለ ኤሊሴኦ፤ እጆችም መነሳት ጀመሩ። ደስ ያለው ሰው አነሳስ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም ዳነ፣ ልጆቹም ዳኑ ብለው።

ተነሳሁ። «እኔ አለኝ» አልኩ። «ያልተቀረጸው ሥር እኔ አለኝ።»

አዎ ኖርማ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። እኔ ነኝ ያልኩት።

ለኤሊሴኦ ሦስት ልጆች ወልጄለታለሁ፤ ሦስቱም ተጠምቀዋል፣ ሦስቱም ከተማ ገብተው ዘመናዊ ሆነዋል፤ ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ያልኩት ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ማንም ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። በዚህ ዕድሜዬ ጉንጬ እንደ ኮረዳ ጉንጭ ነደደ። ያፈርኩት ግን ለኤሊሴኦ ነው፤ ሹም ሆኖ፣ በሰው ፊት፣ በገዛ ሸንጎው ላይ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያልተቀረጸውም ሥር አለን» አለ። «ዶን ኢኒጎ፣ እባክዎ ሌላ ቦታ ይፈልጉልን።»

እህቴ፣ ይህን ሰውዬ ስንት ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ስለ ወገቡ ሲያማርር ሁለተኛ አልቆጣም ብዬ ማልኩ፤ መሐላው እስከ ማክሰኞ ቆየ።

ቤት ገብተን የነጭ ሽንኩርት ሾርባ አቀረብኩለት። ዳቦውን ይፈተፍት ጀመር። እኔም ከማንኪያው ጋር ስታገል ቆየሁ። በኋላ «ያልተቀረጸው ሥር ያለው አፈር የተነካ ጊዜ» አለኝ፤ «እኔና አንቺ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊደል እንቆጥር ነበር። ላሞቹን ስነዳ አይቻለሁ።» ምን እንዳየ፣ ማንን እንዳየ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ያን ሁሉ ዘመን በሆዱ ይዞት ኖሯል። «ለሌላ ጊዜ» አለ፣ «በሸንጎ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ልትናገሪ ስትነሺ ቀድመሽ ንገሪኝ፤ ቢያንስ ፊቴን ላዘጋጅ።» ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ተቆጣኝ።

ዶን ኢኒጎ ወደ ከተማ የተመለሰ መስሎን ነበር፤ እሱ ግን በማግስቱ ኮረብታው ላይ ሲንጎራደድ ዋለ። ማታ ከመሄዱ በፊት መጥቶ፣ ግድግዳውን ያራሰው ጠፈጠፉ ብቻ ሳይሆን ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ መሆኑን ነገረን። ስለዚህ ቦዩ ከግድግዳው ርቆ፣ ከድንጋይ አጥሩ ማዶ፣ ከላይ በኩል ይቆፈራል፤ ውሃው ሳይደርስብን ወደ ወንዙ ይዞራል። ግድግዳዎቹ በብረት ይታሰራሉ፣ የቅስቱ ስንጥቅ በኖራ ይሞላል። የሰሜኑ ግድግዳ ትንሽ እንደረጠበ ይቀራል። ኤሊሴኦ «ይርጠብ» አለ። አውራጃው አዲሱን ንድፍ ተቀብሎ ደብዳቤ ልኳል፤ ሥራው በረዶው ሲቀልጥ ይጀመራል። እስከዚያ በእንጨት ድጋፎች መሐል እንደ በግ ተሰግስገን እናስቀድሳለን፤ አባ ሳቱርኒኖም ስብከቱን እንዳሳጠሩት ነው።

ትናንት የሙታን መታሰቢያ ነበር። አባ መቃብሩን በጸበል ከዞሩ በኋላ እንደ ወትሮው ወደ በሩ አልተመለሱም፤ ወደ ሰሜን ዞሩ። ሁላችንም ተከተልናቸው። ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ስለ እነዚህ ሕፃናት እንደ ድሮው አታስብም፣ ለእግዚአብሔር ምሕረት በስማቸው አደራ እንሰጣቸዋለን አሉ። ከቀበሮዋ ጀመሩ። ፍሮይላና ስም ታውቃለች ብሎ ማን ያስብ ነበር? ሁለቱንም ስም ሳታመነታ ተናገረች። ባሲሊሳም ነበራት። ሲሪያኮማ ጮክ ብሎ፣ ልጁን ከሜዳ ለራት የሚጠራ ነው የሚመስለው። ሁሉም ስም ነበራቸው፤ ተናግረውት አያውቁም እንጂ።

ማእዘኑ ጋ ደረስን። አባ «ስም?» አሉኝ። ምላሴ ተሳሰረ፤ የእኔ ምላስ! «ወንድ ነው ሴት?» ብለው ሊረዱኝ ሞከሩ። ባሰብኝ። አዛውንቱ ትክ ብለው አዩኝና ፊታቸው ላላ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግድ የለም ልጄ» አሉኝ፤ «ደብዳቤ ባሕር ማዶ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

እንግዲህ እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚሁ ነው። ስም በማውጣት አንቺ ሁልጊዜ ትበልጪኛለሽ። አንድ ስም ላኪልኝ። ድሮ የወጣ ካለ ደግሞ እሱኑ ላኪልኝ። አባ እየጠበቁ ነው፤ ኤሊሴኦም እየጠበቀ ነው።

ኖርማ፣ አንቺም እንግዲህ የቤታችን ሴት ነሽና ያነበብሽውን አንብበሻል። እዚህ ስትደርሺ እርሳስና ወረቀት ስጪያትና በሩን ገርበብ አድርገሽላት ትንሽ ውጪ። ዓይኗ ቢደክምም አንድ ስም መጻፍ አያቅታትም።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይመልስልሽ፤ ልጆችሽን ያኑርልሽ፤ በሰው አገር ሳለሽ እጁ አይለይሽ። በዓይነ ሥጋ ባንተያይ እንኳ አንድ ጣራ ሥር ያሰባስበን፤ አሜን።

ቁልፉን የያዘችው
ታናሽ እህትሽ